ለማሽኑ ብቻ የጻፍኳቸው ሁለት መስመሮች

ባለፈው ጥር ከማኅበራችን ጡረታ ስወጣ አዳራሹ ውስጥ ድፎ ዳቦ ተቆረሰልኝ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ተነሥቶ፣ «ወይዘሮ እቴነሽ በሥራ ዘመናቸው የአንድም ሰው ተራ አዛብተው አያውቁም» አለ። ሰው አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ አልፈርድበትም። ከኋላ የተቀመጡት የድሮ አባላት ግን አላጨበጨቡም። አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ። እኔም «የለም፣ አዛብቻለሁ» ብዬ መነሣት ሲገባኝ የተሰጠኝን ዳቦ ቆርሼ በላሁ።

ይህን የምጽፈው ያ ዳቦ እስካሁን ስላልወረደልኝ ነው።

ከደባርቅ ወደ ቆላ የወረድኩት ባሌን ተከትዬ ነው፣ ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ። በሦስተኛው ክረምት ወባ ባሌን ወሰደብኝና ሦስት ልጅ ይዤ ኮኪት የምትባል ከተማ ቀረሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም በማታ። የእጅ ጽሕፈቴ ግን ያምር ስለነበር በአንድ የሰሊጥ መጋዘን በር ላይ ተራ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። በአጨዳ ጊዜ ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ከመጋዘኑ በር እስከ ከተማው መውጫ ይሰለፋሉ። እኔ የመጡበትን ሰዓት እጽፍና በየተራቸው አስገባለሁ።

አንድ ቀን የአለቃዬ አማች ከሰልፍ ወጥቶ መኪናውን በሩ ላይ ገተረው።

«ክፈቺ!»

«አሥራ ዘጠነኛ ነህ።»

«ማን እንደሆንኩ አታውቂም?»

«አሳምሬ አውቃለሁ። አሥራ ዘጠነኛ ነህ።»

ሊያስፈራራኝ መኪናውን ገፋ ሲያደርገው ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። የሞተሩ ሙቀት ፊቴ ላይ ይነፍሳል። ከኋላ የተሰለፉት ሹፌሮች ጡሩንባ እየነፉ «በርቺ እታለም!» ይሉኛል። አማቹ ተሳድቦ ወደ ኋላው ተመለሰ። አለቃዬ በማግሥቱ ከበሩ አንሥቶ ጆንያ መስፊያ ክፍል ወረወረኝ። ደመወዙ ያው ነበርና ሁለት ወር የጆንያ አፍ እየሰፋሁ የአማቹን ስም ሳላነሣ ከረምኩ።

ወሬው ገንዳ ውሃ ከተማ ደርሶ ኖሮ እዚያ ያለው የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ሲፈልግ «ያቺ መኪና ፊት የቆመችው ትምጣ» አሉ። እንዲህ ነው የመጣሁት። ይህን ያነሣሁት ራሴን ላሞግስ አይደለም። በራሴ ፍርድ ላይ ምን ያህል እተማመን እንደነበር ካላወቃችሁ የኋላው ነገር አይገባችሁም።

ማኅበሩ ሦስት ትራክተር ነበረው። የአባላቱ መሬት ሰሊጥ ከመዘራቱ በፊት፣ ከግንቦት እስከ ሰኔ መጨረሻ፣ በእነዚህ ሦስት መታረስ አለበት። ዋልካው አፈር ዝናብ ከጠጣ ትራክተር ይውጣል። ሐምሌ ከገፋ ደግሞ ሰሊጥ አይዘራም። እንግዲህ ለአንድ ገበሬ ዐሥረኛ መሆንና ሠላሳኛ መሆን የዓመት እንጀራ ነው። የእኔ ሥራ ይህን ተራ ማውጣት ነበር። ደንቡን የሚደነግገው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ እኔ በጽሕፈት መኪና ዝርዝሩን እመታለሁ። ሰው «ለምን ሃያኛ ሆንኩ?» ብሎ ሲመጣ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይሄድብኛል። ደንቡ ያለው በቃለ ጉባኤ ውስጥ ተበታትኖና እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበርና።

ኮምፒውተር የገባው የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ባየሁበት ዓመት ነው። አብረውት የመጡት ሰው ጋሽ ፈንታሁን ይባላሉ። ጎንደር ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ቀጭን፣ የእኛን ሙቀት የማይችሉ ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው ነው የሚውሉት። በመጀመሪያው ቀን ማውሱን ነቀሉና መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ኤዲተር የሚሉትን ከፈቱልኝ። ኤዲተር ጽሑፍ ብቻ የሚጻፍበት ባዶ ገጽ ነው፤ ሥዕል የለው፣ የሚጫን ነገር የለው።

«በይ ጻፊ» አሉኝ።

«ምን ልጻፍ? ፕሮግራም ያስተምሩኛል ሲሉ ነበር እኮ የሰማሁት።»

«እሱኑ ነው የምልሽ። ተራ እንዴት እንደሚወጣ ለአያ ካሴ ጻፊላቸው።»

አያ ካሴ የግቢያችን ዘበኛ ናቸው። በአካባቢው የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌም ናቸው።

«አያ ካሴ ኮምፒውተር በዓይናቸው አይተው አያውቁም» አልኩ።

«ለዚያ ነው ለእሳቸው ጻፊ የምልሽ።»

«ይህ ጽሑፍ የትራክተር ተራ እንዴት እንደሚወጣ ይናገራል» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥዬ የመጀመሪያውን ደንብ በአማርኛ ጻፍኩ፦ አምና መጨረሻ የታረሰለት ዘንድሮ ይቀድማል። ከሥሩ፣ በሁለት ምልክቶች መካከል፣ ያንኑ ደንብ በማሽኑ ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ ጋሽ ፈንታሁን አሳዩኝ። ሦስት አራት መስመር ነው። ከዚያ እንደገና አማርኛ፣ ከዚያ እንደገና የማሽኑ። ማሽኑ የሚፈልጋቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ከዐሥራ አምስት አይበልጡም ነበር፤ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኳቸው። ጽፈን ስንጨርስ አንድ ቁልፍ ይነካል። አማርኛው ባለበት ይቀርና በምልክቶቹ መካከል ያለው ብቻ ተለቅሞ ወደ ሌላ ፋይል ይወጣል። ማሽኑ ዝርዝሩን የሚሠራው በዚያ በወጣው ነው። ጋሽ ፈንታሁን ዋናውን ጽሑፍ እናት ፋይል፣ የወጣውን ልጅ ፋይል ይሉታል።

«ልጁን እንዳትነኪ» አሉኝ ፎጣቸውን ባልዲ ውስጥ እየነከሩ። «ስሕተት ብታገኚ እናቲቱን አርሚ፤ ልጁ እንደገና ይወለዳል። ልጁን ብታርሚው ግን እናቲቱ አታውቅም።»

የሳቸው አስተማሪነት ልዩ ነበር። መልሱን አይነግሩም፤ እርሳስ ይዘው ከጎኔ ይቀመጡና የማይረባውን ይሰርዛሉ። አንዴ «ይህ መስመር ስሞቹን ይደረድራል» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዙት።

«ይህንን ማሽኑም ያውቀዋል። ለምን ይደረድራቸዋል?»

«በፊደል ተራ እንዲሆኑ ነዋ።»

«ለምን በፊደል ተራ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሁለት ሰዎች በደንቡ እኩል ሲመጡ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል እለያቸው ነበር። ከጽሕፈት መኪናው ዘመን ጀምሮ እንዲያ ነው የማደርገው። ምክንያቱን ልጽፍ ብዬ ከጠዋት እስከ ምሳ ተቀመጥኩና አንድም ምክንያት አጣሁ። ያን ጊዜ ፀጋዬ የሚባል አባላችን ትዝ አለኝ። በየዓመቱ እኩል ከሚመጡት መካከል መጨረሻ የሚቀረው እሱ ነበር፤ መስኮቴ ሥር እየቆመ «አባቴ ሀብታሙ ቢሉኝ ኖሮ ይሄኔ ሰሊጤን ሸጬ ነበር» እያለ ይቀልዳል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ቀልድ አልነበረም ለካ። ለጉባኤው ተናገርኩና እኩል የመጡት በዕጣ እንዲለዩ ተወሰነ። የጋሽ ፈንታሁንን ሥራ የወደድኩት ያን ቀን ነው። ምክንያቱን ልትጽፍለት የማትችለው ደንብ ውስጡ አንድ የተበደለ ሰው እንዳለ ገባኝ።

ሌላው ልማዳቸው ማስነበብ ነበር። ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት እናት ፋይሉ ይታተማል፤ በቢሮው በረንዳ ላይ ለተሰበሰበው ገበሬ እኔ አነባለሁ። የማሽኑን መስመሮች እየዘለልኩ አማርኛውን ብቻ ነው የማነበው። አያ ካሴ በርጩማቸውን ይዘው ከፊት ይቀመጣሉ። ግራ የገባቸው እንደሆነ «እዚች ላይ ቁሚ» ይሉኛል። ሰው ይከራከራል፣ ይሣሣቃል፣ የረሳሁትን ያስታውሰኛል። በኋላ ዝርዝሩ ሲለጠፍ የሚጮህ አይኖርም።

ጋሽ ፈንታሁንን በሁለተኛው ክረምት ሙቀቱ አሸነፋቸውና ወደ ጎንደር ተመለሱ። የመሳቢያውን ቁልፍ ሰጡኝ። ማውሱን አውጥቼው አላውቅም፤ እንዲህ ነበር ኩራቴ።

እሳቸው በሄዱ በሁለት ዓመቱ ይመስለኛል፣ ጉባኤው አዲስ ደንብ አወጣ። መሬታቸው ከጓንግ ወንዝ ማዶ የሆኑ ሦስት አባላት ነበሩን። ሰኔ ሲጋመስ ጓንግ ይሞላና ትራክተር አያሻግርም። ስለዚህ የማዶዎቹ ከሁሉ በፊት ይታረስላቸው ተባለ። ትክክለኛ ደንብ ነው። የተወሰነው ግን ዝርዝሩ በሚለጠፍበት ዕለት ጠዋት ሆነ። መብራት የለም፤ ጄኔሬተሩ ነዳጁን ሊጨርስ ያጣጥራል፤ ሹፌሮቹ ከበር ቆመው ዝርዝር ይጠብቃሉ። እናት ፋይሉን ከፍቼ፣ ምክንያቱን ጽፌ፣ አውጥቼ፣ አንብቤ እስክጨርስ ጊዜ የለኝም ብዬ ልጅ ፋይሉን ከፈትኩትና ሁለት መስመር ጨመርኩበት። ነገ እናቲቱ ላይ እጽፈዋለሁ አልኩ። ዝርዝሩ ትክክል ሆኖ ወጣ። ሦስቱም የማዶ ሰዎች ቀድመው ታረሰላቸው። ያ ነገ ግን ሳይመጣ ቀረ።

በዓመቱ አዳዲስ አባላት ገቡ። እናት ፋይሉን ከፍቼ የእነሱን ነገር አስተካከልኩና ቁልፉን ነካሁ። ልጅ ፋይሉ እንደገና ከእናቲቱ ወጣ። እናቲቱ የማታውቃቸው ሁለቱ መስመሮች ያን ጊዜ ጠፉ፤ እኔ ልብ አላልኩም። አያ ካሴ በርጩማቸውን ይዘው መጡ።

«ዘንድሮ አይነበብም እንዴ?»

«አያ ካሴ፣ በየዓመቱ ያው ነው እኮ። ሰውም ሰለቸው።»

«ማን ሰለቸው? እኔ አልሰለቸኝም።»

«በሉ ይተውት፣ ሥራ አለብኝ።»

በርጩማቸውን አንሥተው ሄዱ። ዝርዝሩን ለጠፍኩ። ከማዶዎቹ ሦስት ሰዎች ሁለቱ በዕጣና በሌላው ደንብ ከፊት ስለወደቁ ምንም አልታየም። ሦስተኛው ሞላ ነበር። ሠላሳ አንደኛ ሆነ።

ሞላ ከእኔ በዐሥር ዓመት የሚያንስ፣ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነው። በማግሥቱ መስኮቴ ላይ መጣ። ከኋላው ብዙ ሰው ተሰልፏል።

«እታለም፣ እኔ ጓንግ ማዶ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ሠላሳ አንደኛ ተብያለሁ። እስከዚያ ወንዙ ይሞላብኛል። እስቲ እንደገና እይልኝ።»

«የማዶ ደንብ ውስጡ አለ። እኔው ነኝ የጻፍኩት። ማሽኑ ዐይቶ ነው ያስቀመጠህ።»

«እስቲ እይው ብቻ።»

እንደገና ማየት ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ሰው ፊት «እይው» መባሌ ከነከነኝ።

«ሞላ፣ ማሽኑ አጎት የለው፣ አማች የለው! ለአንተ ሲል ሰው አይዘልም። ተራህን ጠብቅ!»

ከኋላ የቆሙት ሣቁ። አንዱ «አማች ፈልግለትና ዳርለት» ብሎ ጨመረበት። ሞላ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ዝናቡ ጊዜውን ጠብቆ መጣ። የሞላ ተራ በደረሰ ጊዜ ትራክተሩ ጓንግ ዳር ደርሶ ተመለሰ። ውሃው ሞልቶ ዛፍ ይዞ ይወርዳል አለ ሹፌሩ። የሞላ መሬት ጦም አደረ። እሱም በንዴት ገበያ መሐል ቆሞ «እቴነሽ ተራዬን ሸጠችው» አለ። ነገሩ ጆሮዬ ሲደርስ ደም ዓይኔ ላይ ወጣ። መኪና ፊት የቆምኩት እኔ፣ ተራ ሸጥሽ ልባል! ለጉባኤው ከሰስኩት። ማስረጃ አምጣ ተባለ፤ ከየት ያመጣል? «አቶ ሞላ የማኅበሩን ሠራተኛ ስም በማጥፋቱ ተወቅሷል» ተብሎ ተወሰነ። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ ጻፍኩት።

አያ ካሴና ሁለት ሽማግሌዎች እሱን ይዘው በነሐሴ አንድ እሑድ ሊያስታርቁን ተነጋገሩ። እኔ ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ገብቼ እናት ፋይሉን ከፈትኩ። ለሽማግሌዎቹ አትሜ፣ ይኸው የማዶው ደንብ ብዬ ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። ገጹን ወደ ታች ሳወርድ አጣሁት። መፈለጊያው ላይ «ጓንግ» ብዬ ጻፍኩ። አልተገኘም አለኝ። ፊደሉን ሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። አልተገኘም። «ማዶ» ብዬ ሞከርኩ። አልተገኘም።

ያን ጊዜ የጄኔሬተሩ ማጣጠርና ያ ጠዋት ትዝ አሉኝ። ሞላ ትክክል ነበር። ሦስተኛ መሆን የሚገባውን ሰው ሠላሳ አንደኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ሰው ፊት ያዋረድኩት እኔ ነኝ፣ ያስወቀስኩት እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቅዳሜን ሙሉ ለራሴ አንድ ነገር ስነግረው ዋልኩ፦ አልሸጥኩትም። ሸጠችው ነው ያለው፤ እኔ አልሸጥኩም። ስለዚህ ስሜን ማጥፋቱ እውነት ነው። ይህቺን ይዤ ቆየሁ።

በእኛ አገር በደለ የተባለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ይመጣል። የተበደለው «ጣለው» እስኪለው አያወርድም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ግቢዬ ገቡ። ከኋላቸው ሞላ ትልቅ የወንዝ ድንጋይ በትከሻው አድርጎ መጣ። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል፤ የልጅ ልጆቼም በር ላይ ቆመዋል።

«እቴነሽ» አሉ አያ ካሴ፣ «ልጅ ነው፣ በንዴት ተናገረ። መሬቱም ጦም አድሮበታል። ስለ እግዜር ይቅር በይው።»

ሞላ ቀና አላለም። ላቡ ከግንባሩ እየወረደ መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል። «እታለም፣ አጥፍቻለሁ» አለ።

አፌ ተከፍቶ ነበር። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ግን የጎረቤቱን ዓይን፣ የልጅ ልጆቼን ዓይን አየሁና «ጣለው። ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩ። ድንጋዩ መሬት ሲወድቅ ሰው እፎይ አለ። ሞላ ጉልበቴን ሳመ። ጉልበቴን! እኔም ራሱን ዳበስኩት።

በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ የባሰው ይህ ነው። ሁለቱ መስመሮች ስሕተት ናቸው፤ ይህ ግን ስሕተት አይደለም።

ከዚያ ዘጠኝ ወር ዝም አልኩ። ሞላ በመንገድ ሲያገኘኝ ቆቡን አውልቆ ሰላም ይለኝ ነበር።

ግንቦት ሲደርስ የዓመቱን ዝርዝር ለማውጣት እናት ፋይሉን ከፈትኩ። የማዶውን ደንብ በቦታው ላስገባው ነው። የማሽኑን ሁለት መስመሮች ጻፍኩ። ከላያቸው አማርኛው ይቀራል። «ጓንግ በሰኔ ስለሚሞላ የማዶዎቹ ይቀድማሉ» ብዬ ጻፍኩ። እርሳስ የያዘ ሰው ከጎኔ ያለ መሰለኝ። ይህ ደንብ ከሁለት ዓመት በፊት የተወሰነ ነው፤ እስከ ዛሬ ለምን እዚህ አልነበረም? መልሱን መጻፍ ነበረብኝ፤ ካልጻፍኩ ደግሞ ውሸት ነው። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቼ ወጣሁ። ጓንግ በግንቦት አሸዋ ብቻ ነው። በእግሬ ተሻገርኩ።

ሞላ ማሳው ላይ ቁጥቋጦ ይመነጥራል። ሲያየኝ ገጀራውን ጥሎ ሮጦ መጣ።

«እታለም! በዚህ ሐሩር በእግርሽ? ምነው ሰላም አይደለም?»

ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳልኝ። ጣሳውን ያዝኩት እንጂ መጠጣት አልቻልኩም። ቆሜ ነገርኩት፤ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ ሁለቱ መስመሮች፣ ስለ ልጅና እናት ፋይል። የማሽኑ ነገር ሁሉ ገብቶት እንደሆነ እንጃ። ተራው ሦስተኛ እንደነበር ግን ገባው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ እያለ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጣሳውን ከእጄ ወሰደ። አልመነጨቀኝም፤ ወሰደው።

«አምና ክረምቱን በሰው ማሳ ሳርም ከረምኩ» አለ። «ከቀን ሠራተኞቹ ጋራ። መሬት እንዳለኝ ሲሰሙ ‹ባለርስቱ፣ ዛሬም መጣህ?› እያሉ ይሥቁብኛል። እሱ ይሁን። ሸጠችው ማለቴ ውሸት ነበር፤ ለሱ ድንጋይ መሸከሜም ተገቢ ነው። ግማሹ ድንጋይ የኔ ነው። ግማሹ ግን ያንቺ ነበር፤ እኔ ላይ አየሽው።»

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ አልቀበልም። እዚህ ማን አለ? ቁጥቋጦ ነው። ያኔ ያዩኝ ሰዎች እያሉ ጠይቂኝ።»

በሳምንቱ ጉባኤው በረንዳው ላይ ተሰበሰበ። ከእናት ፋይሉ ላይ አነበብኩ፤ በማዶው ደንብ አናት ላይ ነገሩን እንዳለ ጽፌው ነበር፣ ድንጋዩንም ጭምር። ሊቀመንበሩ ሊያድነኝ ፈለገና «እንግዲህ የማሽን ስሕተት ነው ብለን እንለፈው» አለ።

«ማሽኑ የጻፍኩለትን አደረገ» አልኩ። «ስሕተቱም የኔ፣ ዝምታውም የኔ ነው። ሞላ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።» ወድቄ እግሩን ልይዝ ስል ክንዴን ይዞ አስቆመኝ።

«ይቅር ብያለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

አያ ካሴ ከበርጩማቸው ተነሡ። «እቴነሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ የተበደለን ሰው ድንጋይ አሸክሜ በዳይ ደጅ አቆምኩ። ሽማግሌነቴን ነው ያረከስሽብኝ። እኔን ይቅርታ የምትጠይቂው መቼ ነው?» አሉ። ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ይቅር አሉኝ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ማንንም ሲያስታርቁ አላየሁም።

የአምናውን ቃለ ጉባኤ ሰርዤ አዲስ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ተራውን እንዲያወጣ ብለምንም የሚችል የለም ተብሎ እዚያው ወንበር ላይ ተመለስኩ። ይህም አንዱ ኀፍረቴ ነው፤ ባልመለስ ይሻል ነበር። ሊቀመንበሩ ለካሳ ብሎ ሞላ ዘንድሮ አንደኛ ይሁን አለ።

«በደንቡ ስንተኛ ነኝ?» አለ ሞላ።

«ሁለተኛ» አልኩት።

«ሁለተኛ ይሁን።»

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየግንቦቱ መስኮቴ ላይ ይመጣ ነበር። እታለም ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «ጸሐፊ፣ እንደምን አደሩ፤ ስንተኛ ነኝ?» ይለኛል፣ እንደማያውቁት ሰው አንቱ እያለ። ቁጥሩን እነግረዋለሁ። እሱ አመሰግናለሁ ይልና ከግድግዳው ዝርዝር ፊት ይቆማል። ጣቱን በየስሙ ላይ እያስኬደ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ያነባል። ከኋላው ሰው ይጉረመረማል። እኔም እስኪጨርስ ድረስ ከወንበሬ ተነሥቼ እቆማለሁ።